ስሜ ያለባት ቪትዝ

እንዴት ናችሁ? ድምፄ ከተዘጋባችሁ ይቅርታ። ጎንደር ሰሞኑን ዝናብ ብቻ ነው። ከሥራ የመጣሁት በባጃጅ ነው፣ በጎን በኩል የሚረጨው ውኃ ግማሽ ጎኔን አርሶታል። በባጃጅ ያልኩት ቪትዜን ስለሸጥኳት ነው። ዛሬ የማወራችሁም ስለሷ ነው።

በ2009 ዓ.ም. በ345 ሺህ ብር ገዛኋት። እናቴ «ይህን ሁሉ ብር ለቆርቆሮ» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር። ብርማ ናት፣ ሞተሯ አንድ ሊትር። ቪትዝ የሚለው ስም እኮ የጃፓን ገበያ ስም ነው፣ አውሮፓ ያሪስ ነው የሚሏት። ጃፓኖች በግራ መንገድ ነው የሚነዱት፣ መሪያቸው በቀኝ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ቪትዝ ተብላ የመጣች መኪና መሪዋ ተነቅሎ የዞረ ነው። የእኔዋም እንደዚያው። መሪውን ያዞሩት ሰዎች ግን የዝናብ መጥረጊያውን አልነኩትም። ዝናብ ሲመጣ ጎኔ የተቀመጠው ሰው ፊት ያለውን ጥርት አድርጋ ትጠርግለታለች። እኔ ፊት ግን በግራ በኩል አንድ ጥግ ትተዋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን ጥግ እያለፍኩ ነው የነዳሁት።

ለምን ሸጥሻት ብትሉኝ፣ የእናቴ ጉልበት ነው። ቪትዝ ዝቅ ትላለች። እናቴን ከወንበሯ ማውጣት እንደ ጉድጓድ ውኃ መቅዳት ሆነብኝ። ከፍ ያለ መኪና ፈለግኩ፣ ራቭ ፎር ቢጤ። እና ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ወደ መኪና መሸጫ ሄዶ ቪትዟን ሰጥቶ፣ ልዩነቱን ጨምሮ መቀየር ነው። ሁለተኛው ራሴ ገበያ አውጥቼ መሸጥ ነው።

መጀመሪያ ዳላስ ላለው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ። እሱ ሦስት ጊዜ የድሮውን ለመሸጫ እየሰጠ ቀይሯል። እነሱ ጋም መሸጫው የሚሰጥህ ዋጋ ራስህ ብትሸጠው ከምታገኘው ያነሰ ነው አለኝ። ግን ቴክሳስ ውስጥ የመኪና ሽያጭ ታክሱ 6.25 በመቶ ሆኖ የሚታሰበው ያስረከብከው መኪና ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ በቀረው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በዋጋ ያጣኸው በታክስ በኩል ትንሽ ይካሳል። ከዚያ «ለመሆኑ መኪናሽ በየዓመቱ ስንት ወረደች?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ወረደች? በ345 ሺህ የገዛኋት መኪና ስምንት ዓመት ተነድታ፣ ሁለት ጊዜ ተቀብታ፣ ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ ናት አልኩት። ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

እኛ ግን የኖርንበት ነገር ነው። በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ወጣና አሮጌ መኪና ማስገባት እሳት ሆነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ እየቆየች ወርቅ ሆነች። ብሩ ግን እንደዚያው ቀልሏል፣ ሀብታም የሆንኩ እንዳይመስላችሁ።

እና አንድ ቅዳሜ ወደ አዘዞ መንገድ ላይ ወዳለ አንድ መሸጫ ነዳኋት። ሰውዬው አንድ ጊዜ ዞራት። ኮፋኖዋን በጣቱ ነካ፣ አስነሳት፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰማት። «1 ሚሊዮን 150» አለኝ። በቃ። የገበያ ዋጋዋ ወደ 1 ሚሊዮን 300 እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል። እኔ አልተናደድኩም። ሰውዬው የቦታ ኪራይ ይከፍላል። ብሩን አስሮ ይቀመጣል። መኪናዋ ሦስት ወር ሳትሸጥ ብትቆም ኪሳራው የሱ ነው። እኔ በዚያው ዕለት ቁልፍ ተለዋውጬ እናቴን ይዤ እገባለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ፣ ምንም አልጠየቀኝም። ሁለተኛ ማርሿ እንዴት ነው አላለኝም። ዳገት ላይ ስትሞቅ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልሷት ካምቢዮዋ ትጮኻለች። እኔ አውቀዋለሁ፣ እሱ አልጠየቀም፣ እኔም አልተናገርኩም። እና ደስ አለኝ። ያን ዕለት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ከዋጋው የቀነሰው 150 ሺህ የዝምታዬም ዋጋ ያለበት መሰለኝ። እሱ ደግሞ «እንከን የለሽ» ብሎ ለሆነ ሰው ይሸጣት ነበር። ያ ሰው ማን እንደሆነ እኔ አላይም ነበር።

ልስማማ ነበር እኮ። ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ነው የተበላሸው። «ውክልና ትሰጪናለሽ» አለኝ።

ይህን ነገር ቀስ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚነደፈው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው መኪናዬን በስሙ ማዞር አይፈልግም። ዛሬ በስሙ ቢያዞር፣ ነገ ሲሸጣት እንደገና ለገዢው ሊያዞር ነው፣ ወጪው ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ መሸጥ መለወጥ የሚል ውክልና ከኔ ይወስዳል፣ ሊብሬዋ ላይ፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሯ ላይ፣ ግን ስሜ እንዳለ ይቆያል። ገዢ ሲያገኝ ከኔ በቀጥታ ወደ ገዢው ያዞራል። ገዢውም ነጋዴ ከሆነ ውክልናው ወደ ሌላ ይተላለፋል። መኪናዋ ሁመራ ትሁን ሐዋሳ እኔ አላውቅም። ስሜ ግን አብሯት ይዞራል።

«ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ላይ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ያልተፈቀደለት ሰው እየነዳት ቢሆን እንኳ። ሸጫታለሁ፣ ብሩን ወስጃለሁ ብለሽ ብትምይ፣ ሊብሬው የሚለው ያንቺን ስም ነው። መሸጤን ላረጋግጥ ብለሽ በየፍርድ ቤቱ የምትንከራተቺው አንቺ ነሽ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሸጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለማያውቀው አደጋ መጥሪያ ደርሶታል። ፊቱን አይቼዋለሁ።

«ስም ካላዞራችሁ አልሰጥም» አልኩት። «እህቴ፣ አገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ቁልፌን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ራሴ ልሸጣት ቴሌግራም ላይ ለቀቅኳት። ኧረ ስልኩ! ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ። «የመጨረሻ ስንት?» ይላል። ገና መጀመሪያውን ሳንነጋገር የመጨረሻውን። ከደወሉት ግማሾቹ ደላሎች ናቸው። አንዱ ቤቴ ድረስ መጥቶ ዙሪያዋን አይቶ «ባለቤትሽን ጥሪልን» አለኝ። ባለቤቷ እኔ ነኝ አልኩት። «አይ፣ ማለቴ የቤቱን አባወራ» አለኝ። እናቴ ከመስኮት ሆና «አባወራዋ እኔ ነኝ፣ ምን ትፈልጋለህ?» አለችው። ባሕር ዳር ያለ አንድ ገዢ ደግሞ ዋጋውን ወዶት ነበር፣ መንገዱ ሲረጋጋ እመጣለሁ ብሎ እስካሁን አልመጣም። 180 ኪሎ ሜትር ድሮ ምሳ ተበልቶ የሚመለሱበት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ መምህር መጣ። ወጣት ነው፣ ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ናት። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዞ ነው የመጣው። እኚህን ሰው ብታዩዋቸው። ቱታቸው ላይ ያልፈሰሰ የዘይት ዓይነት የለም። ምንም ሳይናገሩ በጣታቸው አጥንት ቦዲውን ማንኳኳት ጀመሩ። ኮፋኖው ቀጭን ድምፅ አለው። የቀኝ ፓራፋንጎ ያው ነው። የግራ በር ላይ ሲደርሱ ዱም አለ። ቆሙ። እንደገና መቱት። «ስቱኮ» አሉ፣ የተገጨ ቦዲ የሚሞላበት ልስን ማለት ነው። አዎ፣ የጥምቀት ዋዜማ አቁሜያት የሆነ ሰው ገጭቷት ሄዶ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው መዳፋቸውን አስጠጉ፣ ጭስ ይወጣ እንደሆነ ነው። ማርሚታው ጋ ተቀምጠው አሸተቱ። ምንጣፉን ገልብጠው መሪው የዞረበትን ብየዳ በባትሪ አዩ። እኔ ስምንት ዓመት ነድቻት ያንን ቦታ አይቼው አላውቅም ነበር። የራሴን የውስጥ ልብስ የዘረጉብኝ ያህል አፈርኩ።

ከዚያ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጎሃ ዳገት ላይ ምን ታደርጋለች?»

እንግዲህ አዘዞ ያለው ሰውዬ ያልጠየቀኝ ጥያቄ መጣ። ባለቤቱ አጥሩ ጥላ ሥር ቆማ ሆዷን ይዛለች። ነገርኩት። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ ትጮኻለች አልኩት። መካኒኩ «እኔም በመንዳት አገኘው ነበር» አሉ። ያገኙት ነበር? እንጃ፣ ሲቀዘቅዝ አትጮኽም። ለማንኛውም ከጠየቅኩት 1 ሚሊዮን 320 ላይ 40 ሺህ ወረደ። በ1 ሚሊዮን 280 ተስማማን፣ 20 ሺህ ቀብድ ሰጠኝ፣ ተፈራረምን። ስሙንም ወዲያው አዞራለሁ አለኝ።

በማግስቱ ከደላሎቹ አንዱ ደወለ። 1 ሚሊዮን 340 የሚከፍል ሰው አለ። ቀብድ ተቀብያለሁ አልኩት። «እታለም፣ እጥፉን መልሺና ተገላገይ» አለኝ። ሕጉም እኮ ይፈቅዳል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፉን መልሶ ውሉን መተው ይችላል። እውነት ለመናገር ካልኩሌተር አወጣሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ ስልኩ ሁሉ ሸተተ። ከ1 ሚሊዮን 340 ላይ የደላላው 2 ከመቶ 26 ሺህ 800 ነው። ከኪሴ የምጨምረው 20 ሺህ። የሚተርፈኝ 13 ሺህ 200 ብር። ዜሮ አልነበረም፣ ያስጎመጃል። «ሰውዬው ስም ያዞራል?» ብዬ ጠየቅኩ። «ነጋዴ ነው፣ በውክልና ነው» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ስም አዞራለሁ ቢለኝ ምን አደርግ ነበር? ይህን ጥያቄ አትጠይቁኝ።

ወረቀቱ ሌላ ወግ ነው። የሽያጭ ውል፣ ምርመራ፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗ፣ ቴምብሩ። ከሁሉም ያላገባሁ መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ። ባል ካለ መስማማት አለበትና። በ43 ዓመቴ ቆሜ አለማግባቴን በማኅተም አስመሰከርኩ። ክፍያውን በሲፒኦ፣ ባንኩ ራሱ በሚያረጋግጠው የክፍያ ሰነድ፣ ነው የተቀበልኩት፣ ባንክ ድረስ አብሬው ሄጄ። ስልክ ላይ የሚመጣ መልዕክት አይቶ ቁልፍ ማስረከብ የለም፣ ያንን የሚፈበርኩ ሰዎች አሉ። ሦስት ቀን ሥራ ቀርቻለሁ። በአራተኛው ቀን ሊብሬው ላይ የሱን ስም በዓይኔ አየሁ።

እንግዲህ ከመሸጫው 130 ሺህ አብልጬ ሸጥኩ። ራቭ ፎሩ ግን እኔ ከደላላ ጋር ስከራከር በነበረበት ወር ከዚያ በላይ ጨመረ። ያን ቅዳሜ ቀይሬ ቢሆን እናቴ አሁን መኪና ነበራት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አልደብቃችሁም። እሷ ግን ባጃጅ ወዳለች። ከፍ ይላል፣ ጉልበቴን አያጥፈኝም ትላለች። ቤተ ክርስቲያንም በሱ ነው የምትሄደው።

መምህሩ እስካሁን ይደውልልኛል። ካምቢዮውን አሠርቶታል። ትናንት ማታ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ስልኬ ጮኸ። «እትዬ፣ ይሄ መጥረጊያ ፊቴን አይጠርግልኝም እኮ፣ ምን ላድርግ?»

«ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል በል፣ ይለመዳል» አልኩት።