እውነት የማያስፈራበት ቤት

የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፣ ልጅ የማሳደግ አደራ ያለባችሁ ሁሉ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ልጆቻችንን እንዴት ደፋር አድርገን እናሳድግ በሚለው ላይ እንድናገር ነው የጋበዛችሁኝ። «ደፋር» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። ስለ ትልቅ ሰው ሲነገር ምስጋና ነው፤ ስለ ልጅ ሲነገር ግን ወቀሳ ይሆናል። «ምን ያለ ደፋር ልጅ ነው!» ስንል ማመስገናችን አይደለም። ለሃያ ዓመት ዝም በል ስንለው የኖርነው ልጅ አንድ ቀን ተነሥቶ ለእውነት እንዲቆም እንጠብቃለን። ከየት ያመጣዋል?

ድፍረት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ጎልያድ ፊት የቆመውን ብላቴና ነው። እኔ ግን ሳሙኤልን እንድታስቡልኝ እፈልጋለሁ። ሌሊት ተጠርቶ የሰማው ቃል ባሳደገው በካህኑ በኤሊ ቤት ላይ የሚመጣ ፍርድ ነበር። እስኪነጋ ተኛ፤ ሲነጋ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ፤ ራእዩን ለኤሊ መንገርም ፈራ ይላል መጽሐፉ፣ በ1ኛ ሳሙኤል 3፥15። ይህን ቁጥር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ልጁ ምንም እንዳልሰማ የዘወትር ሥራውን ይሠራል። የከበደውን ነገር ግን በሆዱ ይዟል። ልጆቻችንም አንዳንድ ጠዋት እንዲህ ናቸው፤ እኛ አናይም እንጂ።

ኤሊ ጠራውና አትሸሽገኝ አለው። ሳሙኤልም አንዳች ሳያስቀር ነገረው። ሽማግሌው አልጮኸም፤ አንተ ማን ሆነህ ነው አላለም። እርሱ እግዚአብሔር ነው፣ ደስ ያሰኘውን ያድርግ ብሎ ተቀበለ። ኤሊ በገዛ ልጆቹ የወደቀ አባት ነው፤ ክፋታቸውን እያወቀ አልከለከላቸውም፣ ይህን ማለባበስ አልፈልግም። በዚያች ጠዋት ግን ለሳሙኤል ትልቅ ውለታ ዋለለት። ያ ልጅ አድጎ ንጉሥ ሳኦል ፊት ቆመ፤ ንጉሡ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ ሲለው፣ ታዲያ ይህ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ለንጉሥ እውነትን የተናገረው ያ አንደበት መጀመሪያ የተፈታው ባሳደገው ሰው ፊት ነው።

እኔ ለማለት የመጣሁት ይህንኑ ነው። ልጅ እውነት መናገርን የሚለማመደው በእኛ ላይ ነው። እኛን ፈርቶ የሚዋሽ ልጅ ነገ ጓደኞቹን ፈርቶ ይዋሻል፤ ከነገ ወዲያ አለቃውን።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የተማርኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሥራ ጨርሼ አስረክባለሁ ባልኩበት ቀን ሳልጨርስ ቀረሁ። ስልኬ ጠራ፤ ባለ ሥራው ነው። ስልኩን ለስምንት ዓመት ልጄ ሰጠኋትና «አባዬ ስልኩን ረስቶ ወጥቷል በይው» አልኳት። አለችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፣ ቃል አልተደናቀፈባትም። ስልኩን መልሳልኝ የጀመረችውን ሥዕል መቀባቷን ቀጠለች። ያስደነገጠኝ እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው።

ማታ እንደ ልማዳችን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘን ስንቀመጥ ማንበብ አቃተኝ። «ዛሬ አስዋሸሁሽ። ሥራዬን ስላልጨረስኩ ፈርቼ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ከዚያም አጠገቤ እንደተቀመጠች ለሰውዬው ደወልኩለት። ቀን ቤት ነበርኩ፣ ልጄን ያስዋሸኋት እኔ ነኝ አልኩት። ተቆጣ፤ ቁጣው ከስልኩ አልፎ ይሰማት ነበር። እሷ ፊቴን ታያለች። ምን እንዳነበበችበት አላውቅም፤ ግን ሲጨርስ እጇን እጄ ላይ አደረገች።

ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ ክብር የሚቀንስ የሚመስላችሁ አባቶች ትኖራላችሁ። እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ክብራችንን የሚሸረሽረው ልጆቻችን ያዩትን ጥፋት እንዳላዩት እንዲያስመስሉ ማስገደዳችን ነው እላለሁ። ይህ ማለት ልጅ ያሻውን ያድርግ ማለት አይደለም። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ልጆቻችሁን አታስቈጡ ይላል፤ እዚያው ላይ ደግሞ በጌታ ምክርና በተግሣጽ አሳድጉ ይላል። አጥፍቶ የተናዘዘ ልጅ የሰበረውን ይጠግናል፣ የወሰደውን ይመልሳል። ስለተናገረው እውነት ግን አይቀጣም። ይህን ልዩነት ልጆች ቶሎ ይረዱታል፤ የምናምታታው እኛ ነን።

ሌላም ነገር አለ። ሦስቱን ወጣቶች ከእሳት ስላወጣቸው አምላክ ለልጆቻችን ደጋግመን እንነግራቸዋለን። ከእሳቱ በፊት ለንጉሡ ያሉትን ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም ነው ያሉት። ልጆቻችን ይህን «ባያድነን እንኳ» ካልሰሙ፣ እውነት ተናግረው በተጎዱበት የመጀመሪያ ቀን እምነታቸው ይናጋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኔዘርላንድ፣ ሃርለም ከተማ፣ ካስፐር ቴን ቦም የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር። እሱና ልጆቹ ናዚዎች የሚያሳድዷቸውን አይሁድ ቤታቸው ይደብቁ ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ተጠቁሞባቸው ተያዙ። ካስፐር ያኔ 84 ዓመቱ ነበር። ሽምግልናውን አይተው፣ ሁለተኛ አላስቸግርም ካልክ ቤትህ ሂድ ቢሉት፣ ዛሬ ብትለቁኝ ነገም በሬን ለሚያንኳኳ ሁሉ እከፍታለሁ ብሎ እንደመለሰ ልጁ ኮሪ ተናግራለች። አሥር ቀን ያህል ታስሮ ሞተ። ልጁ ቤትሲም በዚያው ዓመት መጨረሻ በራቨንስብሩክ የናዚዎች እስር ካምፕ ሞተች። ኮሪ ተርፋ ስለ ይቅርታ እየመሰከረች ኖረች። ያ ድፍረት በተያዙበት ቀን የመጣ አይደለም። በዚያ ቤት ዕለት ዕለት ቅዱሱ መጽሐፍ ይነበብ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊትም የሌላ ሰው ልጆችን ተቀብለው ያሳድጉ ነበር። ሴቶቹ ልጆች አባታቸው በር ሲከፍት እያዩ ነው ያደጉት።

ዘዳግም 6፥7 በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛ፣ ስትነሣ ቃሉን «ተጫወተው» ይላል። ይህን ቃል እወደዋለሁ። ስብከት ሳይሆን ጨዋታ ነው፤ ልጁም መልስ የሚሰጥበት፣ የሚጠይቅበት፣ አልገባኝም የሚልበት።

ከዚያ ስልክ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ልጄ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ጠራችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። «አባዬ፣ የፈተናው ውጤቴ የእኔ አይደለም። ከጓደኛዬ ነው የቀዳሁት» አለችኝ። በውጤቱ ስኮራ ሰንብቻለሁና ቁጣዬ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ኤሊ ትዝ አለኝ፤ ዋጥኩት። ምን ብናደርግ ይሻላል ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ለመምህሬ ልንገራት፤ ግን አብረኸኝ ና» አለች።

በማግስቱ አብረን ሄድን። መንገዱን ሁሉ እጄን ጨብጣ፣ መዳፏ በላብ ርሶ ነበር። የክፍሉ በር ላይ ስንደርስ እጄን ለቀቀችና ብቻዋን ገባች።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።