ፍሪጅ፣ የሰርግ ጥሪና 18 ላሞች፦ የፍልስጤም ሲኒማ

[ምስል፦ ጎህ ሳይቀድ በብረት አጥር መካከል ተጨናንቀው የቆሙ ሠራተኞች]

አንድ ሰው ለሚስቱ ፍሪጅ ሊገዛ ከቤቱ ይወጣል። ታሪኩ ይኸው ነው። የተጋቡበት ቀን የሚከበርበት ዕለት ነው፤ የቤታቸው ፍሪጅ አርጅቷል፤ ትንሿን ልጁን አስከትሎ ገበያ ይሄዳል። ችግሩ በቤቱና በገበያው መካከል የእስራኤል ጦር የፍተሻ ኬላ መኖሩ ነው። ሲመለሱ ደግሞ ፍሪጁ በእግረኛ መተላለፊያው አልገባ ይላል።

ይህ የፋራህ ናቡልሲ «ስጦታው» ነው። በ2020 የወጣ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳን የማይሞላ ፊልም ሲሆን የብሪታኒያን የባፍታ ሽልማት አግኝቶ ለኦስካርም ታጭቷል። (በዚህ ቪዲዮ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መግቢያው ላይ ተራ ሲጠብቁ የምናያቸው ሰዎች ተዋንያን አይደሉም። በቤተልሔሙ «ኬላ 300» በኩል ለሥራ የሚያልፉ እውነተኛ ሠራተኞች ናቸው፤ ተዋናዩ ሳሌህ ባክሪ መካከላቸው ገብቶ ተቀረጸ።

የፍልስጤም ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ፍንዳታ፣ ፍርስራሽና ለቅሶ እንጠብቃለን። ዜናው ያስለመደን እሱን ነው። የዚህ ሲኒማ ትልቁ ችሎታ ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ተራ ጉዳይ ይዞ ከቤቱ የወጣን ሰው እግር በእግር መከተል። ሌላ አገር ቢሆን በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ እዚያ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ ፊልሙም እንዲሁ።

የሐኒ አቡ አሰድ «የራና ሰርግ» ላይ አንዲት የኢየሩሳሌም ወጣት እስከ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ድረስ የምትወደውን ሰው አግኝታ መጋባት አለባት፤ ካልሆነ አባቷን ተከትላ ወደ ግብፅ ትሄዳለች። በራሺድ መሻራዊ «የላይላ ልደት» ደግሞ ሥራ ያጣ ዳኛ ራማላ ውስጥ ታክሲ ይነዳል፤ የሚፈልገው ለልጁ ኬክ ይዞ ማታ ቤቱ መግባት ብቻ ነው። ይህ ፊልም ወቀሳውን ወደ እስራኤል ብቻ አይወረውርም። ዳኛውን ያለ ሥራ ያስቀረው የገዛ ባለሥልጣናቱ ዝርክርክነት ነው፤ ሰውየው ሁሉ ነገር ሥርዓት ያጣበት ከተማ ውስጥ የደኅንነት ቀበቶ እሰሩ እያለ ተሳፋሪዎቹን ሲያስቸግር ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

[ምስል፦ የናዝሬት ዳገታማ ጎዳናዎች፣ አሮጌ ቮልቮ መኪና]

ከሁሉም የምወደው ግን የአንማሪ ጃሲር «ዋጂብ» ነው፤ 2017። ቦታው ናዝሬት ነው፤ አዳማን እንዳታስቡ፣ እስራኤል ውስጥ ያለችው የገሊላዋ ናት። እዚያ እህት ስትዳር የሰርጉ ጥሪ ካርድ በፖስታ አይላክም። አባትና ወንድም በየቤቱ እየዞሩ በእጃቸው ያደርሳሉ። ለእኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተረስቶ ያልተጠራ ዘመድ ስንት ዓመት እንደሚያኮርፍ እናውቃለን። አባትየው መምህር ነው፤ ልጁ ጣሊያን የሚኖር አርክቴክት። መኪና ውስጥ ተቀምጠው ከቤት ቤት ሲዞሩ ጠባቸው እየተገለጠ ይመጣል። አባት አንድ እስራኤላዊ የሥራ ባልደረባውን መጥራት ይፈልጋል፤ ልጅ ደግሞ ሰውየው የደኅንነት ሰላይ ነው ብሎ ያምናል። አባት በዚያ ሥርዓት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ልጆቹን አሳድጓል። ልጁ ከሩቅ ሆኖ ክብርን ይሰብካል። ማን ልክ ነው? ጃሲር ለማንም አትፈርድም። አባትና ልጁን የሚጫወቱት መሐመድ ባክሪና ሳሌህ ባክሪ በእውነተኛ ሕይወትም አባትና ልጅ ናቸው፤ ሲኮራረፉ ያለው ዝምታ የተጠና አይመስልም።

ሳቅ ከፈለጋችሁ «ተፈላጊዎቹ 18»ን እዩ። በአሜር ሾማሊና በካናዳዊው ፖል ካዋን የተሠራ የ2014 ዘጋቢ ፊልም ሲሆን ታሪኩ እውነተኛ ነው። በመጀመሪያው ኢንቲፋዳ፣ ማለትም በ1987 በተቀሰቀሰው የፍልስጤማውያን አመፅ ጊዜ፣ በቤተልሔም አጠገብ ያለችው የቤት ሳሁር ከተማ ነዋሪዎች የእስራኤልን ወተት መግዛት አቁመው የራሳቸውን ለማምረት ከአንድ ኪቡትዝ (የእስራኤላውያን የጋራ እርሻ መንደር) 18 ላሞች ገዙ። ጦሩ ላሞቹን ለጸጥታ አስጊ ናቸው አለ። ነዋሪዎቹም ላሞቹን ደበቁ፤ ወታደሮች ፎቶግራፋቸውን ይዘው ፍለጋ ወጡ። ፊልሙ ውስጥ ላሞቹ በአኒሜሽን ራሳቸው ይናገራሉ፣ ሰፈሩንም ያማሉ።

[ምስል፦ የተቧጠጠ ጥቁርና ነጭ ፊልም]

ወደ ኋላ ልመለስ። የፍልስጤም የፊልም ክፍል የሚባለው ቡድን በ1968 አማን ውስጥ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሱላፋ ጃዳላህ ካሜራ የያዘች ሴት ነበረች። ሌላው መሥራች ሐኒ ጃውሐሪዬ በ1976 ሊባኖስ ውስጥ ውጊያ ሲቀርጽ ሞተ። ያ ዘመን የትግል ዘመን ነው፤ ፊልሞቹም ቅስቀሳ ናቸው፣ ሌላ ስም ልሰጣቸው አልችልም። ቤይሩት የተከማቸው ማኅደር በ1982ቱ የእስራኤል ወረራ ጊዜ ጠፋ። ከጠፋው የተወሰነው በእስራኤል ጦር ማኅደር ውስጥ እንደሚገኝ በኋላ ያጋለጠችው እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ሮና ሴላ ናት።

አሁን የምናውቀው ሲኒማ የተወለደው ከሌላ መንገድ ነው። ሚሼል ክሌፊ፣ ኤሊያ ሱሌይማን፣ ሐኒ አቡ አሰድ፦ ሦስቱም የናዝሬት ልጆች፣ ሦስቱም ውጭ አገር የኖሩ። ክሌፊ ቤልጂየም ተምሮ በ1987 «ሰርግ በገሊላ»ን ሠራ። በሰዓት እላፊ ሥር ያለ መንደር ሹም ልጁን በወጉ ለመዳር ፈቃድ ሲጠይቅ፣ የእስራኤሉ ወታደራዊ አዛዥ እኔም ከመኮንኖቼ ጋር እንግዳ ሆኜ እንድገኝ ይላል። አንድ ድግስ፣ አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሥልጣን። ሱሌይማን ደግሞ በፊልሞቹ ውስጥ ራሱ ይታያል እንጂ አይናገርም። በ2002 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ሽልማት ባገኘው «መለኮታዊ ጣልቃ ገብነት» ሁለት ፍቅረኞች፣ አንዱ የኢየሩሳሌም፣ አንዷ የራማላ፣ የሚገናኙት ኬላው አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ነው። የፍልስጤማውያን መሪ የነበረው የያሲር አረፋት ፊት የተሳለበት ፊኛ ከላያቸው ተነስቶ ኬላውን ሲያልፍ ወታደሮቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይጠፋቸዋል።

አሁን ስለ ገንዘቡና ስለ ስሙ። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በኔዘርላንድ ድጎማ የተሠሩ ናቸው፤ በእስራኤል ድጎማ የተሠሩም አሉ። ሱሃ አራፍ በእስራኤል ገንዘብ የተሠራውን «ቪላ ቱማ»ን በ2014 የፍልስጤም ፊልም ብላ ስታስመዘግብ ገንዘቡን መልሺ ተባለች። የአቡ አሰድ «ገነት አሁን» በ2006 ለኦስካር ሲታጭ ደግሞ ጭቅጭቁ የአገሩ ስም ላይ ነበር፤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ «የፍልስጤም ግዛቶች» ተብሎ ተጠራ። የዚያው ዳይሬክተር «ኦማር» በ2014 ሲታጭ ግን «ፍልስጤም» ተባለ። «ገነት አሁን» ሁለት የናብሉስ ጓደኛሞች ለአጥፍቶ መጥፋት ጥቃት ሲዘጋጁ የሚከተል ፊልም ነው። እንዲህ ባለ ጥቃት ልጆቻቸውን ያጡ እስራኤላውያን ወላጆች እጩነቱን ተቃውመው ፊርማ አሰባስበዋል። ቁጣቸው ይገባኛል። ፊልሙ ድርጊቱን ያወድሳል በሚለው ግን አልስማማም፤ የመሰናበቻው ቪዲዮ ሲቀረጽ ካሜራው እምቢ ብሎ ሁሉ ነገር ከመጀመሪያው ሲደገም ያየ ሰው ጀግንነት አየሁ አይልም።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ የተሰባበሩ ካሜራዎች]

ዘጋቢ ፊልሞቹ ሌላ ዓለም ናቸው፤ እዚያ ካሜራው ራሱ ገጸ ባሕርይ ነው። በዌስት ባንክ የምትገኘው የቢልኢን መንደር ገበሬ ኢማድ ቡርናት በ2005 አራተኛ ልጁ ሲወለድ ካሜራ ገዛ። በዚያው ጊዜ የእስራኤል የመለያያ አጥር የመንደሩን መሬት እየቆረሰ ነበር። ሕፃኑን ሊቀርጽ የተገዛው ካሜራ ሰልፉን መቅረጽ ጀመረ፤ ተሰበረ፤ ሌላ ተተካ፤ እሱም ተሰበረ። «አምስት የተሰበሩ ካሜራዎች» የተባለውን ፊልም ከእስራኤላዊው ጋይ ዳቪዲ ጋር ሠርቶ ለኦስካር ታጨ። በ2013 ለሥነ ሥርዓቱ ሎስ አንጀለስ ሲደርስ የአየር ማረፊያው የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ከነቤተሰቡ አቆይተው መረመሩት።

በ2025 ኦስካርን ያሸነፈው «ሌላ ምድር የለም» የተቀረጸው ከኬብሮን በስተ ደቡብ ባለው መሳፈር ያጣ ነው። እስራኤል አካባቢውን በ1980ዎቹ የጦር ተኩስ መለማመጃ ብላ ከለለችው፤ በግንቦት 2022 ከፍተኛው ፍርድ ቤቷ ነዋሪዎቹን ማስነሳት እንደሚቻል ወሰነ። ፊልሙን ሁለት ፍልስጤማውያንና ሁለት እስራኤላውያን አብረው ሠሩት። ልቤን የያዘው ቡልዶዘሩ ሳይሆን መኪናው ነው፦ እስራኤላዊው ጋዜጠኛ ዩቫል አብረሃም ሲመሽ የእስራኤል ቢጫ ታርጋ ባለው መኪናው ወደ ቤቱ ይነዳል። ፍልስጤማዊው ጓደኛው ባሴል አድራ እንዲያ መሄድ አይችልም። ወዳጅነታቸው እውነተኛ ነው፤ እኩልነት ግን የለም፣ ሁለቱም ያውቁታል። የእስራኤል የባህል ሚኒስትር ሽልማቱን አወገዙ፤ እስራኤልን በባህል መስክ ማግለልን የሚመራው የፍልስጤማውያን ዘመቻም ትብብሩን ነቀፈ። ከሽልማቱ በኋላ አንድ ወር እንኳን ሳይሞላ ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ሐምዳን ባላል በመንደሩ በእስራኤላውያን ሰፋሪዎች ተደብድቦ፣ በወታደሮች ተይዞ አደረ።

ጋዛ ውስጥ ደግሞ ሲኒማ ቤቶች በመጀመሪያው ኢንቲፋዳ ጊዜ ተዘጉ፤ በ1990ዎቹ ጥቂቱ ቢከፈትም አልዘለቀም። መንትዮቹ አረብና ታርዛን ናስር የተወለዱት ከመጀመሪያው መዘጋት በኋላ ነው፤ ቢሆንም በ2025 «በአንድ ወቅት በጋዛ» በተባለው ፊልማቸው ካን ላይ በአንድ ልዩ ዘርፍ የምርጥ ዳይሬክተርነት ሽልማት አግኝተዋል። በጦርነቱ መካከል በመሻራዊ አስተባባሪነት የተሰበሰበው «ከዜሮ ርቀት» 22 አጫጭር ፊልሞችን የያዘ ነው፤ የሠሯቸው እዚያው ድንኳንና ፍርስራሽ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጥራታቸው እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ የተጀመረ ሐሳብ ብቻ ነው። አንደኛው ዳይሬክተር ግን ፊልም ሲቀረጽ ትዕይንቱ የሚጻፍበትን የእንጨት ሰሌዳ ሰባብሮ ያነደዋል፤ ማገዶ ስለሌለ።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፦ በ«ስጦታው» ጀምሩ፤ አጭር ነው። ቀጥሎ «ዋጂብ»ን ከአባታችሁ ጋር እዩ፤ ከተኮራረፋችሁ ደግሞ ይበልጥ እዩት። ልጆች ካሉ ላሞቹን አሳዩአቸው። «ሌላ ምድር የለም»ን ግን ለመኝታ ሰዓት አታስቀሩት።