ዱክ ስትሪት ላይ ያለው ቤት

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ።

ቨርጂኒያ ከገባን ስንት ዓመታችን ነው? የምንረግጠውን መሬት ታሪክ ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። እኔ ራሴ "የአሜሪካ ባርነት" ሲባል ጥጥ ለቀማ ብቻ ነበር ትዝ የሚለኝ። የጥጡ ዘመን የመጣው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባርነቱ እንደየቦታው መልኩ ይለያይ ነበር።

እዚህ ቨርጂኒያ ትምባሆ ነበር። በ1619፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ከ20 የሚበልጡ አንጎላውያን ፖይንት ኮምፎርት ላይ ከመርከብ ወርደው በስንቅ ተለወጡ። ያኔ ሕጉ ገና አልጠራም። ኤልዛቤት ኪ የምትባል፣ እናቷ አፍሪካዊት አባቷ እንግሊዛዊ የሆነ ሴት ተከራክራ በ1656 ነፃ ወጣች። በ1662 ግን ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተል የሚል ሕግ ወጣ። እስቲ አስቡት። እንግሊዞቹም እንደኛው ልጅን በአባቱ ነበር የሚጠሩት፤ እናቲቱ ባሪያ ስትሆን ግን ገለበጡት፣ እናም ጌታው ደፍሯት የወለደችው የገዛ ልጁ ንብረቱ ሆነ። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ደቡብ ካሮላይና ደግሞ ሩዝ ነው። በ1708 ገደማ እዚያ ጥቁሮች በቁጥር ነጮቹን በልጠው ነበር። ቀን ረግረግ ውስጥ ሲለፉ ይውላሉ፤ እህሉ ሲደርስ በእንጨት ሙቀጫና ዘነዘና ይወቅጡታል፣ በሣር በተሰፋ ሰፌድ ያበጥሩታል። እናቶቼ፣ ይህ ሥራ ክንድን ምን እንደሚያደርገው እናንተ ታውቁታላችሁ። እነሱ ግን ለማጀታቸው አልነበረም የሚወቅጡት። ያ ስፌት ዛሬም አለ፤ ጉላ የሚባሉት ልጅ ልጆቻቸው ቻርለስተን አካባቢ መንገድ ዳር ሲሸጡት ታገኛላችሁ። በ1739 ስቶኖ ወንዝ አጠገብ አምፀው፣ በስፔን እጅ ወደነበረችው ፍሎሪዳ ለመድረስ ሞከሩ፤ ተሸነፉ። በዓመቱ ባሪያን ጽሕፈት ማስተማር በሕግ ተከለከለ።

ሰሜኑም ንጹሕ አይደለም። ኒው ዮርክ ከ1711 ጀምሮ ዎል ስትሪት ላይ የሰው ገበያ ነበራት።

ወደ ሠፈራችን ልመለስ። አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት 1315 ቁጥር ያለው ቤት ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች ሰው እየገዙ አጉረው ወደ ደቡብ የሚልኩበት ነበር። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ተሳፋሪ ይዛችሁ በደጁ ስንቴ አልፋችኋል? አሁን ሙዚየም ሆኗል። ልጆቻችንን ይዘን አብረን እንሂድ። የምትመጡ ስማችሁን በር ላይ ላለችው እህት አስመዝግቡ።