ያየነውን ደግመን ለማየት

የተከበራችሁ የጎንደር የኪነት ቤተሰቦች፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰባችሁ ወጣት ተዋንያንና ሙዚቀኞች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አንድን ሙዚቃዊ ቴአትር ደጋግሜ እንደማይ የሚያውቁ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱብኝ ጥያቄ አለ። «ማን እንደሚሞት ታውቂያለሽ፣ ማን ማንን እንደሚያገባ ታውቂያለሽ፤ ታዲያ ደግመሽ ምን ልታዪ ትገቢያለሽ?» ይሉኛል። ዛሬ መልሱን ለእናንተ ልናገር።

መጀመሪያ ስንገባ ልባችንን የሚይዘው ታሪኩ ነው። ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያልን ስንጨነቅ፣ ዜማው ከሥር የሚሠራው ሥራ ያመልጠናል። በሁለተኛው ምሽት ያ ጭንቀት የለም። ጆሮ ያኔ ይከፈታል።

ምሳሌ ልስጥ። ከቪክቶር ሁጎ ልቦለድ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ውስጥ ለመድረክ የበቃ «ሌ ሚዜራብል» የሚባል ሙዚቃዊ ቴአትር አለ። ፋንቲን የምትባል እናት ሞት አፋፍ ላይ ሆና፣ አጠገቧ የሌለችውን ልጇን እየጠራች ታንጎራጉራለች። ብዙ ቆይቶ ደግሞ ኤፖኒን የምትባል ወጣት፣ ልቡን ለሌላ የሰጠ ሰው እያሰበች በሌሊት ብቻዋን ትዘፍናለች። ዜማው አንድ ነው! ግጥሙም ዘፋኟም ስለተለወጡ፣ መጀመሪያ የሚያይ ሰው ሁለት የተለያዩ ዘፈኖች የሰማ ይመስለዋል። ደግሞ የገባ ግን ፋንቲን አፏን ስትከፍት ኤፖኒንን ይሰማል። ሁለቱ ሴቶች በናፍቆታቸው ይገናኛሉ። የዜማው ደራሲ ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ይህን የሚያስረዳ አንድ ስንኝ እንኳ አላስፈለገውም።

ጎንደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ሊቃውንቱ ማኅሌት ሲቆሙ አንዱን ቃል በቁም ዜማ ይሉታል፣ በመቋሚያ ያዜሙታል፣ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ በመረግድ ያነሡታል፣ በጽፋት ያፈጥኑታል። ማኅሌት ጸሎት ነው፤ ከቴአትር ጋር አላስተካክለውም። ጆሯችን ግን መደጋገምን የለመደው እዚያ ነው። በዓሉ በመጣ ቁጥር ማልዶ የሚደርሰው፣ ቃሉን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አዛውንት አይደለም እንዴ?

አዝማሪ ቤትስ? ማሲንቆው ያው፣ ቅኝቱ ያው፤ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሚያቀብለው ሰው ሲለወጥ ግን ምሽቱ ይለወጣል። መድረክም እንዲሁ ነው። ተዋናይዋ ትናንት በቁጣ ያለችውን ዛሬ በእንባ ትለዋለች። ዋሽንት ነፊው አንዲት ትንፋሽ ሲጨምር ተወዛዋዡ ትከሻውን ያቆያል። ተተኪ ተዋናይ ሲገባ የምናውቀው ሰው ሌላ ጠባይ ይዞ ይመጣል። ፊልም ይህን ሊሰጠን አይችልም፤ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ ለማንም አይለወጥም።

ኒውዮርክ ውስጥ «የኦፔራው ፋንተም» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2023 ድረስ 13,981 ጊዜ ታይቷል። ከተመልካቾቹ መካከል ደጋግመው የተመለሱ ነበሩ፤ መመለስ የቻሉት ግን ሥራው ከመድረክ ስላልወረደ ነው። የእኔ ቁጭት እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ወጣቶች ወራት የለፉበት ሙዚቃዊ ድራማ ለአንድ በዓል ይታይና ልብሱ ታጥፎ ሳጥን ይገባል። ተዋናዩ ገጸ ባሕሪውን በቅጡ ሳይላመድ፣ ተመልካቹም ዜማውን ሳይለምድ ያልቃል። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ኪሳራ ነው የማየው፤ ለአዲስ ሥራ ከምንቸኩል ያለንን ብናቆየው እመርጣለሁ።

ስለዚህ የአዳራሽ ኃላፊዎችን፣ የኪነት ቡድን መሪዎችንና የትምህርት ቤት መምህራንን በአክብሮት የምለምነው አለኝ። አንድ ጥሩ ሥራ ምረጡና በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን፣ ቢያንስ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ አቆዩት። ተተኪ ተዋንያንን ከጅምሩ አሠልጥኑ፤ አንዱ ቢታመም ምሽቱ እንዳይሰረዝ። ገንዘብ ለሚቸግረው ደግሞ፣ ያለፈውን ትኬት ይዞ ለሚመለስ ሰው መግቢያው በግማሽ ዋጋ ይሁንለት። እኔም ከዚያ ሰልፍ ውስጥ አለሁ።

አመሰግናለሁ።