አሁን ማን ይቆጣቸዋል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ቀድሞው የባርሴሎና (ባርሳ) ተከላካይና አምበል፣ ስለ ካርልስ ፑዮል ነው። አዎ፣ ያ ፀጉራሙ።

ሰፈር ውስጥ ኳስ ስንጫወት ተከላካይ የሚደረገው ኳስ የማይችለው ልጅ ነበር። እኔ ሁሌ ተከላካይ ነበርኩ። ስለዚህ ፑዮልን የወደድኩት ትንሽ ለራሴም ብዬ ነው።

እሱም ቢሆን ሲጀምር ተከላካይ አልነበረም። ካታሎኒያ ውስጥ ላ ፖብላ ዴ ሴጉር በምትባል ትንሽ ከተማ በረኛ ነበር። ትከሻው ሲያስቸግረው አጥቂ ሆነ። ላማሲያ፣ የባርሳ የታዳጊዎች ማሰልጠኛ፣ የገባው እንደ አውሮፓውያኑ በ1995 ነው፣ በ17 ዓመቱ። እዚያ ሌሎቹ በልጅነታቸው ነው የሚገቡት፤ እሱ አርፍዶ ደረሰ። በ1999 አሰልጣኙ ቫን ሃል ዋናው ቡድን ውስጥ አሰለፈው።

በ2000 የባርሳው ኮከብ ፊጎ ክለቡን ጥሎ ተቀናቃኙ ሪያል ማድሪድ ገባ። በጥቅምት ወር በማድሪድ ማልያ ወደ ባርሳ ሜዳ ካምፕ ኑ ሲመለስ ስታዲየሙ በፉጨት ተናወጠ። ፊጎን እንዲይዝ የታዘዘው የ22 ዓመቱ ፑዮል ነበር። ጥላው ሆነ በሉት። ባርሳ 2 ለ 0 አሸነፈ።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ነው። ለመሀል ተከላካይ አጭር። ግን ደርባንን አስታውሱ! የ2010 የዓለም ዋንጫ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ስፔን ከጀርመን። በኛ ሰዓት ማታ 3 ሰዓት ተኩል ነበር የተጀመረው። 73ኛው ደቂቃ ላይ ዣቪ የማዕዘን ምት መታ። ፑዮል ከኋላ እየሮጠ መጣ፣ ዘለለ፣ በግንባሩ ገጨው። የቡድን ጓደኛው ፒኬም እዚያው ዘሎ ነበር፣ ፑዮል ግን ቀደመው። 1 ለ 0። ስፔን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አለፈች፤ ዋንጫውንም በላች።

እኔ ግን ከጎሉ ይልቅ ደጋግሜ የማየው ሌላ ቪዲዮ አለኝ። 2012፣ ባርሳ ራዮ ቫዬካኖን በራሱ በራዮ ሜዳ 7 ለ 0 ያሸነፈበት ጨዋታ። ቲያጎ ጎል አገባና ከዳኒ አልቬስ ጋር ጭፈራ ጀመሩ። ፑዮል መጣ። አብሮ ሊደሰት መስሏችኋል? ጭፈራውን አስቁሞ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። የተሸነፈ ሰው ፊት፣ ያውም በገዛ ቤቱ፣ አይጨፈርም። እናቴ ለቅሶ ቤት ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ የምታየን አስተያየት ትዝ ይለኛል። ቃል እንኳ አያስፈልጋትም።

ደግሞ ያው ቁጡ ሰው ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ ምን አደረገ? በመጋቢት 2011 የባርሳ ጓደኛው ኤሪክ አቢዳል ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ግንቦት 28 ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ሙሉውን ጨዋታ ተጫወተ። አስቡት፣ ሁለት ወር ከምናምን! ፑዮል ራሱ ጉዳት ላይ ስለነበር ተቀይሮ የገባው መጨረሻ ላይ ነው። 3 ለ 1 አለቀ። ዋንጫ ማንሳት የአምበሉ ወግ ነው። ፑዮል የአምበልነቱን ጨርቅ ለአቢዳል ሰጠው፤ ዋንጫውን ያነሳው አቢዳል ሆነ። እኔ ብሆን? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አብረን እናንሳው እል ነበር። አንዱን ጆሮ እንኳ አልለቅም።

ከዚያ በኋላ ጉዳቱ በረታ። በ2012 ሊዝበን ላይ ክርኑ ሲወልቅ ስክሪኑን ማየት አቅቶኝ ዞርኩ። ጉልበቱም አልድን አለ። በመጋቢት 2014 ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ በውድድር ዘመኑ መጨረሻ እንደሚሄድ ተናገረ። ውሉ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። ቁጭ ብሎ ደመወዙን መብላት ይችል ነበር እኮ። ለባርሳ 593 ጨዋታ፣ ለስፔን 100።

ዜናውን ስሰማ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስልኬን አጮልቆ አየና «በቃ፣ አሁን ማን ይቆጣቸዋል?» አለኝ።