መንገድ የነካው ቤት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። የዛሬው ክፍል ስለ አዲስ አበባ፣ በተለይም ስለ ፒያሳና በዙሪያዋ ስላሉት አሮጌ ሰፈሮች ነው። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ አንዱ ወገን «ታሪካችን ፈረሰ» ሲል ሌላው «የፈረሰው የቆርቆሮ ደሳሳ ነው» ብሎ መለሰ፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ቆመ። እኔ ግን መንገድ ሲሰፋ አንድ አሮጌ ቤት ላይ በተግባር የሚደርሰውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

አስቀድሜ መንገድን የታሪክ ጠላት አድርጌ ማቅረብ እንደማልፈልግ ልናገር። ከተማዋ በ1879 ከተቆረቆረች በኋላ የአራዳ ገበያ ሲደራ፣ የአርመን፣ የግሪክና የህንድ ነጋዴዎች ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆኑ ባለ ሰገነት ቤቶችን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው የሠሩት መንገዱ ገበያተኛ ስለሚያመጣላቸው ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ዋናውን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወረ፤ በንጉሡ ዘመን ደግሞ የቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር ያለውን እይታ ከፈተ። ሰፈሩ ከመንገድ ጋር አብሮ ያደገ ስለሆነ እሳት አደጋ መኪና የማይገባበትን ጉራንጉር «እንዳለ ይቆይ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እዚያ የማይኖር ሰው ነው።

ስለ ፈረሱት ቤቶች ብዙ ተብሏል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ቅርስ ናቸው ተብለው የተረፉት ናቸው። የአሮጌ ሰፈር ቤቶች አብዛኞቹ ተደጋግፈው የቆሙ በመሆናቸው የአንዱ ግድግዳ ለጎረቤቱም ግድግዳ ነው። መሠረቱ ድንጋይ ሆኖ ከላይ ያለው እንጨትና በጭድ የተቦካ ጭቃ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ሲነሳ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዝናብ ነክቶት የማያውቀው ጎን ክረምቱን በባዶው ይጋፈጣል። እንዲህ ባለ አንድ ግድግዳ ላይ፣ የፈረሰው ጎረቤት ሳሎን ሰማያዊ ቀለም፣ የመደርደሪያው ሚስማሮችና ጭቃው ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ አደባባይ ወጥተው አይቻለሁ። በነሐሴ ተመልሼ ሳልፍ ቀለሙም ጋዜጣውም ከጭቃው ጋር ረግፈው ማገሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ይህን ቤት ማንም አላፈረሰውም፤ በመዝገብም ላይ እንደቆመ ቤት ነው የሚቆጠረው።

የመንገዱ ከፍታም ሌላ ጣጣ አለው። አስፋልት በአስፋልት ላይ ሲደረብ ቤቱ ሳይንቀሳቀስ ከመንገድ በታች ይሆናል፤ ቀድሞ ሁለት ደረጃ ወጥተው ይገቡበት የነበረው በር አሁን ወርደው የሚገቡበት ይሆናል፤ ጎርፉም እንግዳ ሳይሆን ቤተኛ ይሆናል። የእግረኛ መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ በረንዳውና መወጣጫው ይቆረጣሉ። ፊቱ የተቆረጠው ቤት በአዲሱ ግራጫ ቀለም ተቀብቶና ማታ ማታ መብራት በርቶለት ፎቶ ላይ ያምር ይሆናል፤ ባለ ሱቁ ግን ዕቃውን የሚዘረጋበት፣ አላፊው ዝናብ የሚያስጠልልበት ቦታ አጥቷል።

ሕጉ ይህን ጨርሶ አላሰበም ማለት አይቻልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በብዛት የሚገኙበት አካባቢ በሙሉ እንዲከለል ይፈቅዳል፤ በተከለለው ቦታ ያለ ፈቃድ ሕንፃም ሆነ መንገድ መሥራትን ይከለክላል። ክርክራችን ግን ሁልጊዜ በነጠላ ቤት ላይ ነው። «ይህ የማን ቤት ነበር?» ብለን ጠይቀን፣ የራስ ወይም የደጃዝማች ስም ካገኘን እናስቀራለን፤ የልብስ ሰፊ ወይም የጠጅ ቤት ከሆነ እንተወዋለን። መኳንንቱ ከእነ ግቢያቸው ሲተርፉ ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ሰዎች ቤት ይሄዳል። ይህ አመራረጥ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

መሐንዲሶች መላ ያጣሉ ማለትም አይደለም። የቀላል ባቡሩ መስመር ሲሠራ በምኒልክ አደባባይ በኩል ዋሻ ተቆፍሮ የምኒልክ ሐውልት ከቦታው ሳይነሳ ቀርቷል፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ከቆየ በኋላ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል። ያን ጊዜ የነበረውን ጥርጣሬ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ «አይመለስም» ያልን ብዙዎች ነበርን። በእርግጥ ሐውልት ተነቅሎ መመለስ ይችላል፤ የጭቃ ቤት ግን አይችልም።

አብዛኞቹ ቤቶች ለምን እንዲህ እንዳረጁም መዘንጋት የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ወደ ቀበሌ ገቡ። ቀበሌው ከሚሰበስበው ጥቂት ብር ቤት አያድስም ነበር፤ ተከራዩም በራሱ ገንዘብ ለማደስ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አክስቴ ለሚያፈስ ጣሪያዋ ፈቃድ ጠይቃ ሁለት ክረምት በባልዲ አሳልፋለች። ታዲያ ግማሽ ምዕተ ዓመት እድሳት የተነፈገውን ቤት «አርጅቷል» ብሎ ማፍረስ፣ ሳያበሉ ያከሱትን በሬ በክሳቱ እንደ መውቀስ ነው። ከፈረሱት ሰፈሮች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ከተዛወሩት መካከል የራሳቸው ውሃና መጸዳጃ ቤት በማግኘታቸው የተደሰቱ አሉ፤ ደስታቸውም ተገቢ ነው። ዕድራቸውና ደንበኛቸው ግን በኮንዶሚኒየም ዕጣ አብሮ አይወጣም።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። የቅርስ ቤቶች ዝርዝር ለመንገድ ነዳፊው መድረስ ያለበት የመንገዱ መሐል መስመር ከመሰመሩ በፊት ነው። መስመሩ ወረቀት ላይ ሳለ ጥቂት ሜትር ወደ ባዶው ወገን መግፋት ወይም አሮጌው ሰገነት ባለበት ቦታ የእግረኛ መንገዱን ማጥበብ የሚጠይቀው የአንድ ነዳፊ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ግድግዳው ላይ «ይፈርሳል» የሚለው ቀይ ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚመጣ የቅርስ ባለሙያ ግን ፎቶ አንሥቶና ለክቶ ከመሄድ ያለፈ ብዙም የሚሠራው የለውም።