ከማረሚያ ቤት ለሚወጣው ሰው ተያዥ ማን ይሁን?

በጅማ ከተማ ስለ ወንጀልና ጸጥታ በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባ ገዳዎችና ሀደ ሲንቄዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የእድር ዳኞች፣ ነጋዴዎች፣ የፖሊስና የማረሚያ ቤት ባልደረቦች፣ እናቶች፣ አባቶችና ወጣቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ብዙዎቻችሁ በችሎት ታውቁኛላችሁ። ለረጅም ዘመን ዐቃቤ ሕግ ሆኜ በዚህ ከተማ ሌባና ቀማኛ ስከስስ ኖሬ፣ ዛሬ በጥብቅና ሥራ ላይ ነኝ። ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ።

ይህ ስብሰባ የተጠራው ሕዝቡ ስለተማረረ ነው፤ ምሬቱም እውነተኛ ነው። ከመርካቶ እስከ አጂፕ፣ ከቆጪ እስከ ቦሳ፣ ሲመሽ ስልኩን አውጥቶ እያወራ የሚሄድ ሰው እየጠፋ ነው። ባጃጁን ደጅ ያቆመ ሹፌር እንቅልፍ የለውም፤ ባትሪው ከተወሰደ የልጆቹ የነገ ምግብ አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፗን የተሰረቀች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏንም ታጣለች። በኅዳር ቡናውን በማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ ያደረ ገበሬ፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ገንዘብ በአንድ ሌሊት በጆንያ ተጭኖ ይሄድበታል። የሚሰረቀው ሀብታም እንዳይመስላችሁ። ሀብታም አጥርና ዘበኛ አለው፤ በብዛት የሚሰረቀው ድሃው ነው። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ «ደግሞ ስለ ወንጀለኛ መብት ሊሰብኩን መጡ» ብሎ የሚቀየመኝ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ የመጣሁት ግን ገና ስላልተሰረቀው፣ በሚቀጥለው ወር ስለሚሰረቀው ሰው ልናገር ነው።

ሕዝቡን ከስርቆቱ በላይ የሚያንገበግበው «ያው ልጅ ነው» የሚባለው ነገር ነው። ታስሮ የወጣው፣ ፖሊስ ጣቢያው በስሙ የሚያውቀው ያው ልጅ። ከዚህ የተነሳ ሁለት ንግግሮች በየቡናው ላይ ይሰማሉ። አንደኛው «ፖሊስ ይይዛል፣ ፍርድ ቤት ይለቃል» የሚል ነው። ሁለተኛው አባቶቻችን የተናገሩት ነው፤ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል»።

የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስ። በዋስ መለቀቅ ነፃ መውጣት አይደለም። የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ደንግጓል፤ ይህ መብት ነገ በሐሰት ለሚከሰሰው ልጃችሁም ያስፈልገዋል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ፣ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ የሚታመን ተጠርጣሪ ዋስትና ሊከለከል እንደሚችል ይናገራል። ዳኛ ግን የሚወስነው መዝገቡ ላይ ባለው ነው። የቀድሞው ፍርድ ማስረጃ ሳይያያዝ፣ ምስክር ሳይቀርብ ስንቱ መዝገብ ተዘግቷል! ስልኩ ከተመለሰለት በኋላ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ችሎት የማይቀርብ ተበዳይ በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ መስክሩ።

ሕጉም ለደጋጋሚ ወንጀለኛ ለስላሳ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 67፣ ቅጣቱን ፈጽሞ ከወጣ በኋላ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሌላ ወንጀል አስቦ የፈጸመን ሰው ደጋጋሚ ይለዋል፤ ፍርድ ቤቱም ቅጣቱን ያከብድበታል። «ይታሰርልን» ለሚል ሕዝብ የጎደለ አንቀጽ የለም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ለተራ ስርቆት አንቀጽ 665 ያስቀመጠው ጣሪያ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። መልካም ጠባይ ያሳየ ታራሚ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ጣሪያው ተፈርዶበት እንኳ ሦስት ዓመት ከአራት ወር መሆኑ ነው። በሀያ ሁለት ዓመቱ የገባ ልጅ ሀያ ስድስት ሳይሞላው ደጃችሁ ይደርሳል። አመክሮው ይከልከል ብትሉ ሀያ ሰባት ዓመቱ ላይ ይመጣል። ቅጣቱን እጥፍ አድርጉት፤ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ሳይደክም ይመጣል። የሚመጣውም ወደዚሁ ወደ ጅማ ነው፤ ሌላ የሚሄድበት የለውም። እንግዲህ ልንከራከርበት የሚገባው ጉዳይ ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

አንድ ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። መጀመሪያ ሲፈረድበት ከሳሹ እኔ ነበርኩ። ማረሚያ ቤት ገብቶ የእንጨት ሥራ ተማረ። አገራችን ጅማ በበርጩማዋ የታወቀች ናት፤ ልጁ ሦስት እግሯ ከመቀመጫዋ ሳይነጠል ከአንድ ግንድ የምትወጣውን በርጩማ መጥረብ ቻለ። አንዷን አይቻታለሁ። መቀመጫዋ ጎድጎድ ያለ፣ እግሮቿ እኩል የተጠረቡ፣ በብርጭቆ ስባሪ ተፍቃ የለሰለሰች ነበረች። የሠራው እጅ የሚፈለግ እጅ ነበር።

ሲፈታ በፌስታል የተቋጠረ ልብስ፣ የተፈታበትን ወረቀትና የማረሚያ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት የሥልጠና ምስክር ወረቀት ይዞ ወጣ። በየእንጨት ቤቱ ዞረ። አንዱ ባለቤት ጠረባውን አይቶ ወደደለትና «መታወቂያ አለህ?» አለው። የቀበሌ መታወቂያው ታስሮ ሳለ ጊዜው አልፏል። ለማሳደስ የት እንደሚኖር የሚመሰክርለት ሰው ያስፈልጋል፤ እናቱ ሞታለች፣ ቤቱን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። «ተያዥስ?» አለው። እዚህ ላይ ነገሩ አበቃ። ባለቤቱን አልወቅሰውም። ገንዘቡን ያፈሰሰበትን መሣሪያና እንጨት ለማያውቀው ሰው ያለ ተያዥ አስረክብ ማለት አይቻልም። ግን ይህ ልጅ ያለ መታወቂያ ቤት አይከራይም፣ ባንክ ሒሳብ አይከፍትም፣ ሲም ካርድ እንኳ በስሙ አያወጣም። መታወቂያም ተያዥም ሳይጠይቁ የተቀበሉት የድሮ ጓደኞቹ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ አበሉት፤ ቀጥሎ የሚያድርበት ሰጡት፤ ከዚያ መንገድ እንዲጠብቅላቸው ጠየቁት። ክረምቱ ሳይወጣ ከቆመ መኪና ላይ በተፈታ ባትሪ ተከሶ ችሎት ውስጥ አየሁት።

ማንም አላስገደደውም። ሁለተኛውም ፍርድ ይገባው ነበር። ባትሪው የተወሰደበት ሰው ግን «ይህ ልጅ በወጣበት ሳምንት እንጨት ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ ሊጠይቀን መብት አለው።

ወደ ዳቦው ተረት ልመለስ። አመል የለም አልልም። ነገር ግን በዓለም ላይ ብዙ ሰው ከሚያስሩት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ከ30 ግዛቶቿ እስር ቤቶች የተለቀቁ ሰዎችን የፍትሕ መሥሪያ ቤቷ ተከታትሎ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንደገና ተያዙ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከተያዙት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተያዙት ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው። ራንድ የተባለው የአገሪቱ የጥናት ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሌላ ጥናት፣ እስር ቤት ውስጥ ትምህርት የተከታተሉ ሰዎች ተመልሰው የመግባት ዕድላቸው ካልተከታተሉት በ43 በመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ነገሩ ሁሉ አመል ቢሆን ትምህርት ባልቀነሰው፤ አደጋውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ባልተከማቸ።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እርሱ ነው። «የእኔ ልጅ አልሰረቀም፣ ዲግሪውን ይዞ ቤት ተቀምጧል። ለሌባ ሥራ ስትፈልጉ ለእርሱ ማን ፈለገለት?» የሚል እናት አለች። እውነቷን ነው። ይህን ለምትል እናት የጥናት ቁጥር ማንበብ ጭካኔ ነው። የምላት ይህን ብቻ ነው፤ ልጅሽን ከሰልፉ አስወጥቶ የእስረኛውን ስም ከፊት የሚጽፍ ሐሳብ አላመጣሁም። ልጅሽ ምንም ባይኖረው አንቺ አለሽው፤ መታወቂያ አለው፣ አጎቱ ተያዥ ይሆነዋል። ለዚያኛው የምጠይቀው ይህችኑ ብቻ ነው፤ በሩን ከዚያ በኋላ በሙያው ያንኳኳ። ይህም ሲሆን ከስርቆት የሚጠበቀው ልጅሽ በምሽት ይዞት የሚመጣው ስልክ ነው።

በዚህ መንገድ የማይመለሱ ሰዎችም አሉ። በጩቤ የሚወጉ፣ ሴት የሚደፍሩ፣ ሕፃናትን አሰማርተው የሚያሰርቁ። እነዚህ ረጅም ጊዜ ይታሰሩ፤ ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ ከባድ ቅጣት ጠይቄባቸዋለሁ፣ ዛሬም ሐሳቤን አልለወጥኩም።

ስለ ደቦ ፍርድ አንድ ነገር ብቻ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ ቦምብ ይዟል በተባለ ወሬ አንድ ሰው ተገድሎ ተሰቅሏል። በገበያ ቀን «ሌባ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ድንጋይ የሚያነሳ እጅ ማንን እንደሚመታ አያውቅም። የጅማ ሰው ይህን አያድርግ።

ከዚህ ይልቅ ቁጣችንን ወደ ተቀባዩ እናዙር። የሚነጠቅ ስልክ ሁሉ የሚሸጥበት ቦታ አለው። ካርቶኑ የሌለ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ በዋጋው እኩሌታ የሚሸጥ ስልክ ከየት እንደመጣ የሚገዛው ሰው ያውቃል። የማን ማሳ እንደሆነ ሳይጠይቅ ጀንፈል ቡና በሌሊት የሚረከብ ነጋዴም ያውቃል። የተሰረቀ ንብረት መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እኛ ግን የነጠቀውን ልጅ እየደበደብን ከገዛው ሰው ጋር ቡና እንጠጣለን! በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የሞባይል ነጋዴዎች፣ የሻጩን መታወቂያ ሳትመዘግቡ ያገለገለ ስልክ ላለመግዛት ዛሬ ብትስማሙ፣ ነገ የሚነጠቀው ስልክ ይቀንሳል። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ አዲስ ሕግም አይጠይቅም።

አባ ገዳዎችና የአገር ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ስለ መመለስ ማስተማር አይገባኝም። ጉማ የሚያወርድ ሽማግሌ ደም ያፈሰሰን ሰው እንኳ በካሳና በእርቅ ከተበዳዩ ቤተሰብ ጋር ያገናኘዋል፤ ሁለቱ ወገኖች ነገም በአንድ መንገድ እንደሚሄዱ፣ ከአንድ ወንዝ እንደሚቀዱ ያውቃልና። ክልላችንም ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ዕውቅና ሰጥቷል። ለሰው ሕይወት ይህን ያህል ጥበብ ያለው ሕዝብ ለባትሪ ሌባ መላ አያጣም።

አሁን በንግግሬ ርዕስ ወደ ጠየቅኋችሁ ተያዥ ልምጣ። ተያዥ እድር ይሁን። እድር ቀባሪ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የታመመ ይጠይቃል፣ የተቃጠለ ቤት ያሠራል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ጥቂት እድሮች ተባብረው ትንሽ የዋስትና ሣጥን ያቋቁሙ። ማረሚያ ቤቱ ስለ ጠባዩና ስለ ሙያው የመሰከረለት፣ ወደዚያው ሰፈር የሚመለስ ሰው ሲኖር፣ የእድሮቹ ኮሚቴ ከመፈታቱ በፊት ሄዶ ያነጋግረው። ካመኑበት ለአሠሪው በጽሑፍ ተያዥ ይሁኑት፤ በገንዘብ መጠን የተወሰነ፣ በጊዜም ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ። ከኮሚቴው አንድ ሰው በየሳምንቱ ይየው። ከደመወዙ ጥቂት ጥቂቱ በየወሩ ለበደለው ሰው ይከፈል፤ ተበዳይ ከዚህ ሁሉ ውጭ ሊቀር አይገባም። ከሰረቀ እድሩ ራሱ ለፖሊስ ያመልክት፤ ለአሠሪውም የተዋዋለውን ይክፈል። ኃላፊነቱ ቀላል አይደለም። ገንዘብም ልታጡበት ትችላላችሁ፤ ይህን ደብቄ ፊርማችሁን አልጠይቅም።

የቀበሌ ኃላፊዎች፣ መታወቂያው ሰውየው ከመፈታቱ በፊት ባሉት ወራት ይሠራ፤ እድሩ የሚኖርበትን ይመሰክርለታል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ታራሚውን እንደማንኛውም ሠልጣኝ መዝናችሁ የሥልጠና ምስክር ወረቀቱን በእናንተ ማኅተም ስጡት፤ የማረሚያ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ገና ሳይነበብ በር ያዘጋል። የዩኒቨርሲቲያችን የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ በወንጀል ሕጉ ውስጥ መሰየም የሚባል መንገድ እንዳለ ለታራሚዎች አስረዱልን። ቅጣቱን ጨርሶ ሕጉ የወሰነውን ጊዜ፣ ለጽኑ እስራት አምስት ዓመት ለሌላው ሁለት ዓመት፣ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ሊያመለክት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ፍርደኛ ብዙ አላጋጠመኝም። ማረሚያ ቤቱ ደግሞ ከፈታቸው ሰዎች ስንቱ እንደተመለሰ በየዓመቱ ለከተማው ሕዝብ ይንገር። ያን ጊዜ የምንከራከረው በስሜት መሆኑ ይቀራል።

አሠሪዎች፣ እናንተን ለመጨረሻ ያቆየኋችሁ ያለ እናንተ ሁሉም ወረቀት ስለሆነ ነው። እንጨት ቤት ያላችሁ፣ ቡና መፈልፈያና መጋዘን ያላችሁ፣ ብሎኬት የምታመርቱ፤ እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው፣ በእድር ዋስትና፣ ለሙከራ። የቡና ወቅት ሲደርስ የጉልበት ሠራተኛ ፍለጋ ገጠር ድረስ እንደምትልኩ ሁላችንም እናውቃለን። ጅምሩ ከዚያ ይሁን።

የዋስትናውን ውል ረቂቅ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቼ አምጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። የእድር ዳኞች ለጠቅላላ ጉባኤያችሁ ውሰዱት፣ ቆርጣችሁ ቀጥላችሁ አስተካክሉት። የገንዘቡ ጣሪያ ስንት ይሁን የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ እርሱን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። አሁን ጥያቄያችሁን፣ ተቃውሟችሁንም ጭምር ለመስማት ዝግጁ ነኝ። አመሰግናለሁ።